የፕላስቲክ ጊታርና የወገራ ከበሮ

የምት ጨዋታ ከሌሎች የቪዲዮ ጌሞች የሚለየው ጆሮን ዳኛ በማድረጉ ነው። ዘፈን ይከፈታል፤ ምልክቶች እየተከታተሉ በስክሪኑ ላይ ይመጣሉ፤ ምልክቱ መስመሩን ሲነካ ጣት ወይም እግር ከዘፈኑ ምት ጋር እኩል መውረድ አለበት። መቅደምም ስህተት ነው፣ መዘግየትም ስህተት ነው። ጎል የለም፣ ጥይት የለም፣ የሚቀደም መኪና የለም፤ ያለው ሰዓትን ጠብቆ መድረስ ብቻ ነው። ከ1990ዎቹ ማብቂያ እስከ 2000ዎቹ ማብቂያ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህ ጨዋታ ከቶኪዮ እስከ ዋሽንግተን ብዙ ሳሎን ሞልቶ ነበር። ዛሬ ከዚያ ዘመን የቀረው በአብዛኛው ቁም ሳጥን ላይ የተሰቀለ የፕላስቲክ ጊታርና ተጣጥፎ የተረሳ የዳንስ ምንጣፍ ነው።

ዕቃው ከካርቶኑ ሲወጣ ቀድሞ የሚደርሰው ሽታው ነው፤ የቆየ ፕላስቲክ፣ በእጅ ላብ የለሰለሰ ላስቲክ፣ ሳይጠረግ የከረመ አቧራ። ጀርባቸው የወጣ የድሮ ቴሌቪዥኖች ሲሞቁ የሚያወጡት የተጠበሰ አቧራ ሽታም አብሮ ይታወሳል። ከሽታው ቀጥሎ ድምፁ ይመጣል። የጊታሩ መምቻ በተነካ ቁጥር ቀጭ ይላል። ከጎረቤት ክፍል ሆኖ ለሚያዳምጥ ሰው ዘፈኑ በግድግዳው ታፍኖ ይቀርና የሚሰማው ይኸው ቀጭ ቀጭ ብቻ ይሆናል። ያ ዘመን በብዙዎች ጆሮ ውስጥ የቀረው በዚህ ድምፅ ነው።

ዘውጉን በቤት ኮንሶል ላይ ያቆመው «ፓራፓ ዘ ራፐር» ነው። ለሶኒ ፕሌይስቴሽን በታኅሣሥ 1996 በጃፓን ወጣ፤ በተከታዩ ዓመት ወደ አሜሪካና አውሮፓ ተሻገረ። የፈጠረው ማሳያ ማትሱራ ከጌም ሥራ በፊት የባንድ ሙዚቀኛ ነበር፤ ሥዕሎቹን የሣለው አሜሪካዊው ሮድኒ ግሪንብላት ነው። ባለታሪኩ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ የሹራብ ኮፍያ ያደረገ ቡችላ ነው። የሚወዳት የሱፍ አበባ መሳይ ልጅ አለችው፤ ለእርሷ ሰው ሆኖ ለመታየት ካራቴ፣ መኪና መንዳት፣ ዕቃ መሸጥና ኬክ መጋገር ይማራል። የካራቴው መምህር ራሱ የሽንኩርት ነው፣ የምግብ ሥራ መምህርቷ ዶሮ ናት።

ቀልዱ የልጅ ነው፤ አሠራሩ ግን የበሰለ ነው። መምህሩ አንድ ስንኝ በራፕ ይላል፤ ከላይ ባለው መስመር ላይ የቁልፎቹ ምልክት ይታያል፤ ቡችላው ያንኑ በዚያው ምት መልሶ ይላል። ተማሪው በደንብ ከተቀበለ ሙዚቃው ይሞላል፣ ከሳተ ይሳሳል፣ መምህሩም ይቆጣል። ጨዋታው ከሁሉ የላቀ ማዕረግ የሚሰጠው ለማይሳሳት ሳይሆን ከተማረው ወጥቶ የራሱን ለሚጨምር ነው። ከዚያ ማዕረግ ሲደረስ መምህሩ ከመድረኩ ዞር ይላል፤ ተማሪው በምቱ ላይ እንዳሻው ይጫወታል።

በጎንደር አድባራትና በአጠገቧ ባለችው በወገራ አብያተ ክርስቲያናት ዜማ የተማረ ሰው ይህን ሥርዓት ለማወቅ ፕሌይስቴሽን አያስፈልገውም። የኔታ ይመራሉ፣ ተማሪው ይቀበላል፤ የሳተውን ያስደግሙታል፤ ጆሮው ካልያዘው ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ማትሱራ ስለዚህ ትምህርት ሰምቶ ይሁን አይሁን ለነገሩ ለውጥ አያመጣም። ምትን ለሌላ ሰው ለማስተላለፍ መምራትና መቀበል የሚሉት መንገድ ያለ ሥዕል፣ ያለ ኤሌክትሪክና ያለ ነጥብ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራ ኖሯል። ጌሙ ያንን መንገድ ራሱ አግኝቶ ሄዶበታል።

በኢትዮጵያ ከተሞች ኮንሶል የታወቀው በየቤቱ ሳይሆን በፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ጠባብ ክፍል፣ በር ላይ መጋረጃ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ ቴሌቪዥኖች፣ ግድግዳው ላይ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ፎቶ። ሒሳቡ በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው፤ የተሸነፈ ይነሳል፣ ተረኛው ይቀመጣል። ጆይስቲኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ኖሮ የቁልፎቹ ምልክት ተፍቆ ያልቃል። ጨዋታው ሲግል መብራት ይሄዳል፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ኧረ!» ይላል፤ ተመልሶ እስኪመጣ የተቋረጠው ግጥሚያ ደጃፍ ላይ በአፍ ይቀጥላል። ንጉሡ እግር ኳስ ነበር፤ ፔስና ፊፋ።

የምት ጨዋታ በዚያ ክፍል ቦታ ያጣባቸው ምክንያቶች ግልጽ ናቸው። ለሁለት ሰው ፉክክር እንደ ኳስ አይመችም። ከጎኑ ያለው ቴሌቪዥን ጎል ሲያስተጋባ ምት መስማት አይቻልም። ከሁሉም በላይ ግን ዕቃው ራሱ አይደርስም። ኮንሶልና ዲስክ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ከልብስ መካከል ተሸጉጠው ይገባሉ፤ ጊታሩና ምንጣፉ አይገቡም። ስለዚህ የጊታር ጨዋታ ዲስክ ቢገኝ እንኳ በተራ ጆይስቲክ፣ በላይኛዎቹ ቁልፎችና በኤክስ፣ ጊታር ሳይታቀፍ የሚሞከር ነገር ሆነ። በጆይስቲክ የተጫወተው ልጅ ጣቱ ተጫውቷል፤ ትከሻውና ወገቡ ግን አልተጫወቱም፤ የዚህ ዘውግ ደስታ ደግሞ ግማሹ እዚያ ነው።

ሰውነቱን በሙሉ ወደ ጨዋታ ያስገባው የኮናሚ «ዳንስ ዳንስ ሪቮሉሽን» ነው። በ1998 በጃፓን የሕዝብ መጫወቻ ቤቶች ተተከለ፣ በ1999 ከምንጣፉ ጋር ወደ ፕሌይስቴሽን መጣ። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ግራ፣ ቀኝ፤ አራት ቀስቶች በእግር ይረገጣሉ። በኋለኞቹ እትሞች ከሁሉ ጥብቅ የሆነው ፍርድ የሚፈቅደው ስህተት ከምቱ ወዲህም ወዲያም የሰከንድ 1/60 ያህል ብቻ ነው። በአሜሪካ የዌስት ቨርጂኒያ ግዛት በ2006 በ765 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ሁሉ ለሰውነት ማጎልመሻ እንዲገባ ማቀዷን አስታወቀች። በየቤቱ ደግሞ ልጆች በላብ ተጠምቀው ከምንጣፉ ሲወርዱ ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ሲመታ መስማት የዚያ ዘመን የአፓርታማ ኑሮ አካል ነበር።

በኅዳር 2005 ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣው «ጊታር ሂሮ» ግን ነገሩን ከልጆች አውጥቶ የቤተሰብ አደረገው። የሠራው ሃርሞኒክስ በ1995 ከኤም አይ ቲ በወጡ ሁለት ሰዎች፣ በአሌክስ ሪጎፑሎስና በኤራን ኤጎዚ፣ የተቋቋመ ድርጅት ነው፤ ጊታሩን ያቀረበው ሬድኦክቴን ቀደም ሲል የዳንስ ምንጣፍ ይሸጥ ነበር። ጊታሩ በእውነተኛው የጊብሰን ኤስ ጂ ቅርጽ የተቀረጸ፣ ከእርሱ አነስ ያለ፣ ክር የሌለው ነው። አንገቱ ላይ አምስት ቁልፎች አሉ፤ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካንማ። ግራ እጅ ቁልፉን ይጫናል፣ ቀኝ እጅ መሐል ያለውን መምቻ ይነካል። በቂ ልዩ ኃይል ሲጠራቀም ጊታሩን ወደ ላይ ቀና ማድረግ ያን ኃይል ይለቃል፤ ያን ጊዜ ሳሎኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል።

ብልሃቱ ያለው በቀረጻው ውስጥ ነው። ዘፈኑ ወደ ጨዋታው የሚገባው የጊታሩ ድምፅ ከቀረው ተለይቶ ነው። ተጫዋቹ ምቱን ሲይዝ የጊታሩ ድምፅ ይሰማል፤ ሲስት ያ ድምፅ ብቻ ይጠፋና ከበሮውና ዘፋኙ ብቻቸውን ይቀራሉ። ስለዚህ ሙዚቃው በተጫዋቹ እጅ ላይ የቆመ ይመስላል። ጊታር ጨርሶ የማያውቅ ሰው ለሦስት ደቂቃ ሙዚቃ ከእጁ ሲወጣ መስማቱ ማታለል ነው ተብሎ በጊዜው ተነቅፏል። ነቀፋው ግን የሳተው ነገር አለ። ሰውየው ዘፈኑን ለመጀመሪያ ጊዜ በክፍል በክፍሉ ለይቶ እየሰማ ነበር፤ ከዚያ በፊት አንድ ላይ ያልፈው የነበረውን የባስና የከበሮ ድምፅ አሁን እየነጠለ ያውቀዋል። ይህ ትንሽ ትምህርት አይደለም።

በኅዳር 2007 «ሮክ ባንድ» ከበሮና ማይክሮፎን ጨመረ። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያም ሆነ በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ያደጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ይህን ዘመን በደንብ ያውቁታል፤ በዓል ሲሆን ላይ ቤት ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ቤዝመንት ውስጥ የላስቲክ ከበሮ ይመታል። እናቶች የሚሰሙት ደረጃው ላይ የሚወጣውን ዱብ ዱብ ነው። በዋናዎቹ ዲስኮች ላይ የነበረው በአብዛኛው የአሜሪካና የእንግሊዝ ሮክ ነው፤ የአማርኛ ዘፈን አልነበረም። ልጆቹ በጣታቸው የተማሩት ምት አንድ፣ ላይ ቤት በቴፕ የሚሰማው ምት ሌላ ሆነ። ሁለቱን የሚለየው ደግሞ አንድ ደረጃ ብቻ ነበር።

ያ ላይ ቤት የሚሰማው ምት አገሩ ሩቅ ነው፤ አንዱ አገሩ ወገራ ነው። አምባ ጊዮርጊስ የወገራ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ፣ ከዚያም በሊማሊሞ ወደ ሽሬ የሚወርደው መንገድ ያቋርጣታል። ደጋ ናት፤ ጧት ብርዱ ያንቀጠቅጣል፣ ሜዳው ገብስና ስንዴ ነው፣ ምድጃው የባሕር ዛፍ ጭስ ያወጣል። ለወገራ ልጅ የመጀመሪያው የምት መሣሪያ ኮንሶል ሳይሆን ከበሮ ነው። ከበሮ ከመግዛቱ በፊትም ጣሳ አለ፣ ባዶ ጄሪካን አለ፣ የገዛ ጭን አለ።

በጥር፣ አዝመራው ገብቶ ሠርግ ሲበዛ፣ ዳሱ ውስጥ ከበሮውን የምትመታዋ ሴት ዓይኗ ከተጨዋቾቹ ትከሻ አይነቀልም። አውራጁ ያወርዳል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፣ ጭብጨባው ከበሮውን ይደግፋል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው እስክስታ ሲወርዱ መጀመሪያ አንገት ይነካካል፣ ከዚያ ትከሻ ይጀምራል፣ ደረት ይከተላል። ከበሮ መቺዋ ትከሻው ሲሞቅ አይታ ታፈጥናለች፤ ሲደክም አይታ ታበርዳለች። አዲስ ሰው መሐል ገብቶ ምቱን ቢስት ጭብጨባው ይጠነክራል እንጂ አይቆምም፤ ሰውየው በዚያ ጭብጨባ ላይ ተደግፎ ምቱን ያገኛል። «ጊታር ሂሮ» ላይ ስህተት ሲበዛ ዘፈኑ መሐል ላይ ተቋርጦ ሕዝቡ ይጮህበታል። በሁለቱ መካከል ያለው ዋና ልዩነት ይህ ነው፤ ኮንሶሉ ሰውን የሚመዝነው በሰዓት ነው፣ ዳሱ የሚመዝነው በሰው ነው።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይኸው ምት ሥርዓት ይይዛል። ጎንደር የአቋቋም አገር ናት፤ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት ሁለቱ የአቋቋም ስልቶች መገኛቸው እዚያ ነው። ቃሉ መጀመሪያ በቁም ይባላል፤ ቀጥሎ በዝማሜ፣ ከበሮ ሳይኖር መቋሚያው ከሰውነት ጋር እየተወዛወዘ፤ ከዚያ መረግድ ሲመጣ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ በጽፋት ይፈጥናል፣ እጅ ይጨበጨባል። ያው ቃል በየደረጃው በተለያየ ፍጥነት ይመለሳል። በጥምቀት ጥር 11 ታቦቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ሲመለስ፣ ወይም ሚያዝያ 23 በጊዮርጊስ ንግሥ፣ ሽማግሌው ደብተራና የአሥራ ሁለት ዓመቱ ዲያቆን በአንድ መስመር ቆመው እኩል ጎንበስ፣ እኩል ቀና ይላሉ። ከበሮው ራሱ ትርጓሜ አለው፤ ሰፊው አፉ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት ምሳሌ ነው፤ የተጠላለፈው ጠፍር የጌታን ግርፋት ያስታውሳል። ያን ከበሮ በአንገቱ አንግቶ የሚመታ ሰው ምት እየቆጠረ ብቻ አይደለም።

ከኮንሶል ጨዋታዎች ሁሉ ወደዚህ እጅግ የቀረበው በታኅሣሥ 2003 በጃፓን ለኒንቴንዶ ጌምኪዩብ የወጣው «ዶንኪ ኮንጋ» ነው። የሠራው ናምኮ ከዚያ ቀደም በ2001 «ታይኮ ኖ ታትሱጂን» የተባለውን የጃፓን ትልቅ ከበሮ ጨዋታ አውጥቶ ነበር፤ እዚያ ቀዩ ምልክት የከበሮውን ፊት፣ ሰማያዊው ጠርዙን ያስመታል። «ዶንኪ ኮንጋ» ደግሞ ሁለት ትናንሽ የላስቲክ ከበሮዎች ጎን ለጎን አጣምሮ መሐላቸው ማይክሮፎን አስቀመጠ። ምልክቶቹ አራት ብቻ ናቸው፤ ግራውን ምታ፣ ቀኙን ምታ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ምታ፣ አጨብጭብ። ማይክሮፎኑ ጭብጨባውን ይሰማል። የወገራ ከበሮ ከነተቀባዩ የሚፈልገው ሁሉ በእነዚህ አራት ውስጥ አለ፤ ሰፊው አፍ፣ ጠባቡ አፍ፣ ሁለቱ በአንድነት፣ ጭብጨባ። ዕቃው ከሃያ ዓመት በፊት በገበያ ላይ ነበር። የጎደለው ዘፈኑ ነው።

ዘፈኑን ወደ ጨዋታ ከማስገባት የሚከለክል የምት አጻጻፍ ችግርም አልነበረም። የሮክ ዘፈን ምቱ በሁለትና በአራት ይከፈላል። ችክችካ የሚባለው የእኛ ምት ግን በሦስት ይከፈላል፤ ስድስት ንኡስ ምቶች አንዴ ሁለት ጊዜ ሦስት፣ አንዴ ሦስት ጊዜ ሁለት ሆነው ይሰማሉ። ትከሻው አንዱን፣ እግሩ ሌላውን ሊይዝ ይችላል። የጨዋታዎቹ መጻፊያ አንዱን ምት ለሁለትም ለሦስትም መክፈል ይችል ስለነበር ችክችካን መጻፍ ይቻል ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ነጻው የኮምፒውተር ፕሮግራም «ስቴፕማኒያ» ደግሞ ማንም ሰው የፈለገውን ዘፈን በቀስት እንዲጽፍ ፈቀደ።

የዘውጉ አወዳደቅ ፈጣን ነበር። በ2009 ብቻ የ«ጊታር ሂሮ» አሳታሚ አክቲቪዥን «ጊታር ሂሮ 5»ን፣ የሜታሊካና የቫን ሄለን እትሞችን፣ «ባንድ ሂሮ»ንና «ዲጄ ሂሮ»ን አከታትሎ ለቀቀ። ሳሎኑ በፕላስቲክ ሞላ፤ ኢኮኖሚው ደግሞ ወድቆ ነበር፤ ሰው አዲስ ከበሮ መግዛት ሰለቸው። በየካቲት 2011 አክቲቪዥን የ«ጊታር ሂሮ» ክፍሉን ዘጋ። በ2015 «ሮክ ባንድ 4» እና «ጊታር ሂሮ ላይቭ» ተመልሰው ቢመጡም የቀድሞው ጊዜ አልተመለሰም።

ወደ ድሮው ጨዋታ መመለስ የሚፈልግ ሰው የሚገጥመው እንቅፋት ደግሞ ያልታሰበ ነው፤ ቴሌቪዥኑ። የድሮው ቴሌቪዥን ከኮንሶሉ የደረሰውን ምስል እንደመጣ በመስታወቱ ላይ ይሥለዋል፤ መዘግየቱ እዚህ ግባ አይባልም። ጠፍጣፋው ግን ምስሉን ተቀብሎ፣ አስተካክሎ፣ አሳድጎ ነው የሚያሳየው፤ በዚህ መሐል በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ያልፋል፣ አንዳንዴም ከ100 ይበልጣል። ለኳስ ጨዋታ ይህ ብዙም አይደለም፤ ለምት ጨዋታ ሞት ነው። ኋላ የመጡት ጨዋታዎች መዘግየቱን የሚለካ ማስተካከያ ጨመሩ፤ የ«ሮክ ባንድ 2» ጊታር ብርሃኑን አይቶ፣ ድምፁን ሰምቶ ራሱ የሚለካ መሣሪያ ነበረው። «ፓራፓ» ግን ማስተካከያ የለውም፤ በ1996 አያስፈልግም ነበርና። በ2017 ለፕሌይስቴሽን 4 ታድሶ ሲወጣ የልጅነታቸውን ስንኝ በቃላቸው የያዙ ሰዎች ዘፈኑን እንደ ድሮው አውቀውት፣ ምቱን እንደ ድሮው መትተው፣ ጨዋታው ግን ስታችኋል አላቸው። ትዝታቸው ትክክል ነበር፤ የተለወጠው በእጃቸውና በምስሉ መካከል ያለው ክፍተት ነው።

ዛሬ ዘውጉን በሕይወት ያቆዩት በአብዛኛው ወዳጆቹ ናቸው። «ክሎን ሂሮ» የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም አሮጌውን ጊታር ይቀበላል፤ በዚህም ምክንያት ትናንት በነጻ ይሰጥ የነበረው ጊታር ዋጋ አውጥቷል። ሃርሞኒክስን በ2021 የገዛው ኤፒክ ጌምስ በታኅሣሥ 2023 «ፎርትናይት ፌስቲቫል»ን አወጣ፤ በ2024 ለአዲሶቹ ኮንሶሎች አዲስ የፕላስቲክ ጊታር ተመልሶ ለገበያ ቀረበ። በጎንደርና በደባርቅ መስመር ደግሞ ጨዋታው ከፕሌይስቴሽን ቤት ወጥቶ ስልክ ውስጥ ገብቷል፤ ልጁ ጣሳ ለመምታት ሁለት እጅ ያስፈልገው ነበር፣ መስታወት ለመንካት አውራ ጣት ይበቃዋል።

የወገራን ከበሮ ወደ ጨዋታ ማምጣት ለሚፈልግ ሰው ሥራው በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ዕቃው ነው፤ ሁለት አፍና ጭብጨባ የሚሰማ ማይክሮፎን፤ ይህ በ2003 ተሠርቷል። ሁለተኛው ፍጥነቱ ነው። የሠርግም ሆነ የቤተ ክርስቲያኑ ወረብ ምት እንደ ስቱዲዮ ዘፈን በአንድ ፍጥነት አይሄድም፤ ጨዋታው ተጫዋቹን የሚጠብቅበት መስመር ከመቺዋ ጋር አብሮ መፍጠንና መዘግየት አለበት። ለዚህ የመቺዋን እያንዳንዱን ምት ከቀረጻው ላይ በእጅ ምልክት ማድረግ ይበቃል፤ አድካሚ ነው፣ አስቸጋሪ ግን አይደለም። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚቀድመው ቀረጻው ነው። ዛሬ በየስልኩ ያለው የሠርግና የንግሥ ቪዲዮ ከበሮውን፣ እልልታውን፣ የመኪናውን ጥሩምባና የድምፅ ማጉያውን ጩኸት አንድ ላይ ያስገባ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አንድ ማይክሮፎን ለሰፊው አፍ፣ አንድ ለጠባቡ፣ አንድ ለተቀባዮቹ፣ አንድ ለአውራጁ ያስፈልጋል፤ ድምፁ ሁሉ ለየብቻው፣ በሚያውቁት ሰዎች እጅና አፍ፣ ከመጀመሪያው ቀዝቃዛ ምት አንሥቶ ትከሻው እስኪሞቅ ሳይቋረጥ መቀረጽ አለበት።